ለንብ የተተወ ጎመን

በዚያ ዘመን ደብረ ታቦር ላይ ወታደር የማይነካው ምግብ ዱባ ብቻ ነበር። ገብሱን ይበላል፣ ጤፉን ይጭናል፣ በጉን ያርዳል፣ ማሩን ለጠጅ ይወስዳል። ዱባ ሲቀርብለት ግን ይህ የላም መኖ ነው ብሎ ገበታውን ይገፋል። ስለዚህ የኛ መንደር ሴቶች ጓሯችንን ሁሉ ዱባ አለበስነው። የጦሩ ሠፈር ከኛ ማዶ ካለው ሜዳ ላይ ነበር፤ ሜዳው አልበቃ ሲል ወታደሩን በየቤቱ ይመሩታል። የተመራበት ቤት ማብላት አለበት። ጎተራው ባዶ ሲሆን ወታደሩ ወደ ሌላ ቤት ይዛወራል፤ ባለቤቱ ግን የትም አይዛወርም።

እኔ የዚህ አገር ተወላጅ አይደለሁም፤ የቡልጋ ልጅ ነኝ። ባሌ ከጦሩ ጋር ሸዋ በወረደ ጊዜ አገባኝና በወሎ አድርጎ፣ በሽሎን አሻግሮ፣ ከእናቱ ቤት አመጣኝ። ከዚያ ወዲህ የአገሬን ሰማይ አላየሁም። አባቴ ደብተራ ነበሩ። ዳዊት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ንብም ነበራቸው፤ ቀፎዎቹ ከቤታችን ጀርባ ከግድግዳው ጋር ተደግፈው ይቀመጡ ነበር፤ የዱባውም ሐረግ በሥራቸው ይሳብ ነበር። እዚያ ሳለሁ ዱባ ለምን እንደሚያፈራ አስቤ አላውቅም። ይዘራል፣ ያፈራል፣ በቃ።

የምነግራችሁ ክረምት ባሌ በሰኔ ዘምቶ ወሬው የጠፋበት ነው። ቤት የቀረነው አማቴ፣ እኔና ጡት የጣለች ልጄ ነበርን። ጡቱን እንኳ እሷ አልጣለችውም፤ ወተቱ ነው የደረቀው። ሐምሌ ሲጋመስ የተመሩብን ወታደሮች የጎተራውን ወለል ጠርገው ሄዱ። ሳማ እየቀቀልን፣ ከጓሮ ጎመን እየቀነጠስን፣ አንዳንድ ቀንም ከጎረቤት እፍኝ ገብስ እየለመንን ሰነበትን። የልጄ እግር ቀጠነ፣ ሆዷ ተነፋ፣ ጠጕሯም ቀላ። እንዲህ የሆነ ልጅ ምን እንደሚከተለው በመንደሩ የማያውቅ አልነበረም። በዚያ ክረምት ብዙ ትናንሽ መቃብር ተቆፍሯል።

አማቴ ባላቸውን፣ ከባሌም በቀር የወለዷቸውን ሁሉ ቀብረዋል። የቀረችላቸው የልጅ ልጅ ይህች ብቻ ናት። አንድ ቀን ሳማውን እያማሰሉ፣ ለኔም ለምድጃውም ይሁን ሳይለይ፣ ይህችን ልጅ ዱባው እስኪደርስ ካቆየናት ዱባው ደግሞ እስከ ገብሱ ያቆያታል አሉ። ሌላ ተስፋ አልነበረንም። የልጄ ነፍስ በዱባው ሐረግ ላይ ተንጠልጥላ ነበር።

ዱባው በፍልሰታ ጾም ማበብ ጀመረ። ትልልቅ ቢጫ አበባ አወጣ። ከአበባዎቹ አንዳንዶቹ ከሥራቸው የአውራ ጣት ራስ የምታህል ዱባ ይዘው ይወጣሉ። እነዚህን ባየን ጊዜ እኔና አማቴ ተያየን፤ ክፉ እንዳይሰማ ግን አልተናገርንም። ከጥቂት ቀን በኋላ ትንሿ ዱባ ከጫፏ ቢጫ ሆነች፣ ለሰለሰች፣ ወደቀች። ቀጥሎም ሌላዋ ወደቀች። ሐረጉ እየለመለመ፣ ቅጠሉ እንደ ጋሻ እየሰፋ፣ ፍሬው ግን ይጨነግፋል።

አማቴ የሰው ዓይን ነው የበላው አሉ። በዚህ አገር ልማድ፣ የለመለመ ነገር ዓይን እንዳይገባበት ይሸፈናል። ሰንበሌጥ አጭደን፣ ቅርንጫፍ ቆርጠን ሐረጉን ከዳር እስከ ዳር አለበስነው። ከሩቅ ለሚያየው የተከመረ ገለባ እንጂ ዱባ አይመስልም። አማቴ ይህም አልበቃቸውም፤ ዘወትር ጎህ ሲቀድ በገል ፍም ይዘው፣ የቀበርቾ ሥር አጢሰው ጓሮውን ይዞሩታል። ጭሱ ቅጠሉ ሥር ይተኛል፤ ፀሐይ እስክትሞቅ አይነሣም። እኔም ፍሙን አቀብላቸው ነበር። በቀበርቾ ጭስ ልጅ ሲድን አይቻለሁና ዱባስ ለምን አይድንም እል ነበር።

ዱባው ግን ከቀድሞው ይልቅ ረገፈ።

አንድ ማለዳ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ፣ ከጓሮው ጥግ ሳማ እያጨድኩ ነበር። ደክሞኝ ተቀመጥኩ። ከሰንበሌጡ ሥር አንድ አበባ ሾልኮ ወጥቶ እንደ ጽዋ ተከፍቷል። ውስጡ ንጹሕ ነው፤ ዱቄቱ እንዳለ አለ፤ የነካው የለም። ያን ጊዜ ጓሮው ዝም ማለቱን አስተዋልኩ። በአባቴ ጓሮ እንዲህ ባለ ማለዳ የዱባ አበባ ውስጡ ይጮህ ነበር፤ ጆሯችሁን ብታስጠጉ እንደ ሩቅ ማኅሌት ይሰማል። አባቴ ንብ ያልጎበኘችው ዱባ ይጨነግፋል ይሉ ነበር። ልጅ ሳለሁ ንቦቻቸውን ስለሚወዱ የሚያወሩት ይመስለኝ ነበር።

ንቡ የት እንደሄደ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ሽማግሌ ጎረቤታችን በወይራቸው ላይ ብዙ ቀፎ ነበራቸው። በግንቦት ቀፎ ያለው ሁሉ ለሠፈሩ ጠጅ ማር ያግባ ተባለ። ሰብሳቢዎቹ ማሩን አይለኩም፤ ቀፎውን ይቆጥራሉ። ባዶም ይሁን ሙሉ፣ በቀፎ ልክ ማር ይጠየቃል፤ የሌለው ይታሰራል። ሽማግሌው አንድ ቀን ሲመሽ የቀፎዎቹን አፍ በእበት መረጉና ከሥራቸው እሳት ለቀቁባቸው። እኔ እዚህ ሆኜ ድምፁን ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ከፍ አለ፤ ከዚያ ቀነሰ፤ ከዚያ የለም። በማግሥቱ ለአማቴ ቀፎ የሌለውን ሰው ማንም አይጠይቀው አሏቸው። ባለ ቀፎዎቹ ሁሉ የሳቸውን አርአያ ተከተሉ። በጎረቤቱ አገር በገሳይ በኩልም እንዲሁ አደረጉ ሲባል ሰማን።

ሳይነካ የቀረ ንብ በአንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ በደብሩ ቅጽር። ከቤተ ልሔሙ አጠገብ ግንዱ የተቦረቦረ ትልቅ ጥድ አለ፤ ንቦቹ ከጥንት ጀምሮ እዚያ ናቸው። ሰሙ ለመቅደሱ ጧፍ ይሆናል። በቅጽር ያለ ስለሆነ ሰብሳቢው አልቆጠረው፤ ወታደርም አላወቀው። ኪዳን ለማስደረስ ስሄድ ቆሜ አያቸው ጀመር። ከጥዱ ይወጡና ሁሉም ወደ ወንዙ ዳር አበባ ይወርዳሉ። ወደኛ መንደር የሚዞር የለም። ምን አለና ይዙር? የኛ በኩል የበቅሎ ኮቴ የፈጨው ጭቃ ነው። ከጭቃው ወዲህ ደግሞ የኛ ጓሮ፣ ሰንበሌጥ ለብሶ፣ ጭስ ታጥኖ ተቀምጧል።

ቤት ተመልሼ አሰብኩ። ጎመናችን ያረጀ ነበርና ሊያብብ ይተናነቃል፤ እኛ ግን ጉንጉኑ፣ የአበባው እንቡጥ፣ ብቅ ባለ ቁጥር ቀንጥሰን እንበላዋለን። ብንተወው ጓሮው በሳምንት ቢጫ ይለብስ ነበር። ጎመን ሲያብብ ንብ እንዴት እንደሚወድደው አውቃለሁ። ነገር ግን የጎመኑን ጉንጉን መተው ማለት ከልጄ ገበታ ላይ ማንሣት ማለት ነበር። ሌሊቱን ሳገላብጠው አድሬ ነገሩን ለአማቴ ነገርኳቸው።

"እማማ፣ ከእንግዲህ ጎመኑን አንቀንጥሰው።"

"ታዲያ ምን ልንበላ?"

"ያብብ። ሲያብብ የደብሩ ንብ ይመጣል። ንብ ከመጣ ዱባው ይይዛል።"

እጃቸውን ከሳማው ላይ አንሥተው አዩኝ። "በናንተ አገር አበባ ነው እንዴ የሚበላው?"

ሰንበሌጡንም እናንሣ፣ ጭሱንም ወደ ማታ እናድርገው አልኳቸው። ያን ጊዜ ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ከስንት ጊዜ በኋላ ነበር፤ ግን የደስታ ሳቅ አልነበረም።

"ስሚ ሸዌ። የሚታይ ነገር ይበላል። እኔ እስከ ዛሬ የቆየሁት ተሸፍኜ ነው። ባሌ ጎበዝ ነበር፣ ታየ፣ ተወሰደ። ልጆቼ ቆንጆዎች ነበሩ፣ ታዩ። አንቺ ደግሞ ተነሥተሽ ጓሮዬን እንደ ሙሽራ ላስጊጥ ትይኛለሽ።"

ያሉት እውነት ነው። ነገሩን ብዙ ቀን ሳነሣው፣ ሳይሰሙ ሲያልፉት ሰነበትን። በልቤም አንድ ሌላ ነገር ይከብደኝ ነበር። ንቦቹ የታቦቱ ናቸው። ወደ ጓሮዬ ባስኮበልላቸው ከመቅደሱ ጧፍ የሰረቅሁ እንዳይሆን ፈራሁ። ከኪዳን በኋላ የነፍስ አባቴን ከጥዱ ሥር ጠበቅኋቸውና ጠየቅኋቸው። እሳቸውም በዚያ ክረምት ከስተው ካባቸው ሰው የሌለበት ይመስል ነበር። ነገሬን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ልጄ፣ ንቧ ካንቺ ትወስዳለች እንጂ አንቺ ከሷ አትወስጂም" አሉኝ። "ካበበልሽ ላንቺም ለደብሩም ነው። ካላበበ ግን ልጅቱን ይዘሽ ምን ልታደርጊ ነው?"

እሱን አላውቅም አልኳቸው። እሳቸውም እንደማያውቁ በፊታቸው አየሁ። መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ።

አማቴን ያሸነፋቸው የቄሱ ቃል አይደለም፤ የኔም ልመና አይደለም። አንድ ረፋድ ልጄ ከዓይናችን ተሰወረች። ስንፈልጋት ከሰንበሌጡ ሥር ገብታ በሆዷ ተኝታ አገኘናት፤ የወደቁትን የበሰበሱ ዱባዎች እየለቀመች ትበላለች። አፏ ዙሪያውን ጭቃ ነው። አማቴ አልጮኹም። ልጅቱን አወጧት፤ አፏን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት፤ ለኔ አቀበሉኝ። ከዚያ ተመለሱና ሰንበሌጡን በሁለት እጃቸው እየነቀሉ ወደ አጥሩ ይወረውሩት ጀመር። እኔም ልጄን አዝዬ አብሬ ነቀልኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ያሉት ቀኖች ከሁሉ የከፉ ነበሩ። ጎመኑ እያየነው ሽቅብ ይመዘዛል፣ ይጎነጉናል፤ እኛ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጠን ሳማ እንልጣለን። ልጄ ወደ ጎመኑ እጇን ስትዘረጋ አማቴ ይይዟታል። አንዴ አልቻሉም፤ አንድ ጉንጉን ቀነጠሱና አጎረሷት፤ ከዚያ ከኔ ፊታቸውን አዞሩ። እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ። ጳጉሜ ሲገባ ጎመኑ አበበ። ዝናቡ ሲያባራ ጓሮው ከሠፈሩ ሜዳ ድረስ ቢጫ ሆኖ ይታያል።

ንብ ግን የለም። ማለዳ ማለዳ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ዝንብ ይመጣል፣ ቢራቢሮ ይመጣል። ጎረቤታችን ሽማግሌ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ የቸገረው ዱቄት ከነፋስ ይጠጋል እያሉ ራሳቸውን ነቅንቀው ይመለሳሉ። ዳዊቴን ይዤ እየተቀመጥኩ ስደግም፣ ዓይኔ ከመስመሩ ወጥቶ አበባው ላይ ይውል ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

የዘመን መለወጫ ሰሞን አማቴ ከጓሮ ጠሩኝ።

"ነይ፤ እንግዳሽ መጥታለች።"

አንዲት ንብ ነበረች። ከጎመኑ አበባ ወደ አበባ ትዘዋወራለች፤ እግሯ ላይ ቢጫ ዱቄት ተሸክማለች።

"አንዲት ብቻ ናት" አሉ አማቴ። "እንደኛ ዘመድ የሌላት እንዳትሆን።"

ዘመድ ነበራት። በማግሥቱ ብዙ ሆኑ፤ ከዚያ በኋላ ሊቆጠሩ አልቻሉም። ከጎመኑ ወደ ዱባው ተሻገሩ። የዱባው አበባ የሚከፈተው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ፀሐይ ስትበረታ ይታጠፋል። ቀድሞ እኛ ጭሱን ስንለቅ የነበረው ልክ በዚያ ሰዓት ነበር። አሁን በዚያ ሰዓት ንቦቹ ወደ አበባው ጠልቀው ይገባሉ፤ ጀርባቸው ዱቄት ተነስንሶበት ይወጣሉ። ጓሮው መጮህ ጀመረ። ትናንሾቹ ዱባዎች አልረገፉም። እንቁላል አከሉ፣ ቡጢ አከሉ። ዱባን በጣት የጠቆሙት እንደሆነ ይደርቃል ስለሚባል፣ አማቴ አዲስ የያዘ ሲያገኙ በአገጫቸው ያመለክቱኛል፤ እኔም በዓይኔ እከተላለሁ። በነዚያ ቀኖች ከኔ ጋር በሰላም ያወሩ ነበር። አንድ ቀን ስለ አባቴ ንቦች ጠየቁኝ፤ ስነግራቸውም እስከ ማብቂያው ሰሙ።

ከመስቀል በኋላ አዲስ ወታደሮች ተመሩብን። አለቃቸው ወጣት ነው፤ ጠጅ የለመደ፣ ሳይጠጣ ሲውል የሚቆጣ ነበር። ቤቱ ባዶ መሆኑን ሲያይ ተሳደበ። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣ፤ አበባውንም አየ፤ ድምፁንም ሰማ። ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል።

"ንብ ካለ ማር አለ" አለ። "ቀፎው የት ነው?"

አማቴ ቀፎ የለንም አሉት። ወታደሮቹ ቤቱን በረበሩት። የጣራውን ሣር በጦር ወጉ፣ ጎተራውን ገለበጡ፣ የመደቡን አፈር ቆፈሩ። ምንም አላገኙም። አለቃው አማቴን በክንዳቸው ይዞ ወደ ጓሮ አወጣቸው።

"ታዲያ ይህ ሁሉ ንብ የማን ነው?"

እኔ ልጄን ታቅፌ ከበሩ ላይ ቆሜ ነበር። የደብሩ ጥድ በአፌ ጫፍ ላይ ነበር። አማቴ ዞር ብለው አዩኝ፤ ያን አስተያየት ዛሬም አልረሳውም፤ አፌን እንደ እጅ ያዘው። በዚያ ዘመን ወታደር ቅጽር ደፍሮ ሲገባ ተሰምቷል። ማሩን ከወሰደ ጥዱን ያነድዳል፤ ንብ ካለቀ ደግሞ ዱባው ያልቃል።

"የእግዚአብሔር ናቸው" አሉት አማቴ።

"እግዚአብሔር ግብር አይከፍልም። አንቺ ትከፍያለሽ።"

ማሩ እስኪመጣ ብሎ ወደ ሠፈሩ ወሰዳቸው። የቀሩት ወታደሮች ያበበውን ጎመን ከሥሩ አጭደው ለበቅሎዎቻቸው ሰጡት። ንቦቹ ከታጨደው አበባ ላይ አልነሣ ብለው በበቅሎዎቹ አፍ ዙሪያ ይዞሩ ነበር። ዱባውን ግን አልነኩትም፤ ከመካከላቸው አንዱ ቡጢ የምታህል ዱባ በእግሩ ረግጦ ፈረጠችበትና ጫማ የሌለው እግሩን በሣር እየጠረገ ተሳደበ። ከዚያ በቀር ያው እንደ ልማዳቸው ናቁት፤ የሚበላ ስላጡም ወደ ሌላ ቤት ተዛወሩ።

የነፍስ አባቴ ዘንድ ሮጥኩ። ከጥዱ ማር ቆርጬ ልስጥሽ አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ተዉት። ማር ከደብሩ ሲወጣ የሚያየው ብዙ ነው፤ ከታየም የሚሆነውን ሁለታችንም እናውቃለን። ሌላ ሰው የለኝም፤ ባሌ የለ፣ ወንድም የለ፣ አገሬ ሩቅ። ቤት ተመልሼ ስቀመጥ ዝናብ መዝነብ ጀመረ። ያለ ወቅቱ የመጣ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ነበር። እስረኞቹ ሜዳ ላይ እንደሚያድሩ አውቃለሁ።

እንዲህ ሆነን ከሰነበትን በኋላ ሽማግሌው ጎረቤታችን መጡ። ከነጠላቸው ሥር አንዲት ማሰሮ ይዘዋል። ንቦቻቸውን ከማቃጠላቸው በፊት የቆረጡት የመጨረሻ ማር ነው፤ ለቁስል መድኃኒት ብለው መሬት ቀብረውት ኖሯል። ከመድረኩ ላይ አስቀመጡት።

"ሂጂ፣ አምጫቸው" አሉኝ። ሳመሰግናቸው ፊታቸውን አዞሩ። "አታመስግኚኝ። ባልገድላቸው ኖሮ ንብ ከደብር ባልለመንሽ።"

አማቴን ያገኘኋቸው በእሾህ አጥር ውስጥ፣ ከብዙ ሰው ጋር፣ ጭቃ ላይ ተቀምጠው ነው። አለቃው ማሰሮውን ከፈተ፣ በጣቱ ቀመሰ፣ ሳቀ። ድሮውንም ነበረሽ ማለት ነው፣ ለምን ደከምሽ አላቸው። አማቴ ከጭቃው ተነሡ። መንገዱን በትከሻዬ ተደግፈው መጡ። ሲያስሉ አጥንታቸው ከኔ አጥንት ጋር ይጋጭ ነበር። ከቤት ስንደርስ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስንቱ ቀረ ብለው ነው። ስለ ዱባው መሆኑን አውቄ በአገጬ ወደ ጓሮው አመለከትኩ።

ከአልጋ አልተነሡም። ሳሉ ወደ ደረት ወረደ፤ ከዚያም ትኩሳት ሆነ። ግን አእምሯቸው እስከ መጨረሻው ብሩህ ነበር። አንድ ማለዳ አስጠጉኝ።

"አበባው የሚከፈተው ጎህ ሲቀድ ነው፤ አይደለም?"

"ነው፣ እማማ።"

"ወታደር የሚነሣው ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ነው። በመካከሉ ያለው ሰዓት የኛ ነው። ጎህ ሲቀድ ግለጪው። ፀሐይ ሳትሞቅ ሸፍኚው።"

እንዳሉት አደረግሁ። የጣልነውን ሰንበሌጥ ከአጥሩ ሥር ሰብስቤ፣ ማለዳ አነሣለሁ፣ ፀሐይ ሳትሞቅ እመልሳለሁ። ጎመኑ ባይኖርም ንቦቹ መንገዱን ለምደውታል፤ አልቀሩም። ዘግይተው ያበቡት ሳይቀሩ ፍሬ ያዙ። በመንደሩ የተመሩት ወታደሮች ግማሽ ቀን ተኝተው ሲነሡ የሚያዩት ክምር ሣር ነው። ከአልጋቸው ሆነው አማቴ፣ ንቦቹ መጡ ወይ ይሉኛል፤ መጡ እላለሁ፤ ድምፃቸው አይሰማኝም ይላሉ። ሳሉ ይሁን ትኩሳቱ እንጃ፣ ጆሯቸው ደክሞ ነበር።

የመጀመሪያው ዱባ ጥቅምት ሲጋመስ ደረሰ። ልጣጩ በጥፍር አልበሳ ሲል ቆረጥኩት። ቀቅዬ፣ አድቅቄ ለልጄ ሰጠኋት። ትንፋሽ ሳትወስድ በላች። ለአማቴ በማንኪያ አቀረብኩ፤ ከንፈራቸውን ብቻ አስነኩና ለሷ ጨምሪላት አሉ። ሆዳቸው ተዘግቶ እንደሆነ፣ ወይም ሆን ብለው እንደሆነ፣ አልጠየቅኋቸውም። ብጠይቅም አይነግሩኝም ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩ። የነፍስ አባታችን መጥተው አናዘዟቸው፤ ቆርበውም ሞቱ። ልጃቸው በሕይወት ይኑር አይኑር ሳያውቁ ሞቱ። እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም።

ተዝካራቸው ሲደርስ ገብሱ ታጭዶ ነበር፤ ግን ታጭዶ የሄደው ወደ ሠፈሩ ነው። ጠላ የለ፣ እንጀራ የለ። በዚህ አገር ያለ ጠላና ያለ እንጀራ ተዝካር ማውጣት ሙታንን ማዋረድ ነው። ላስተላልፈው ብዬ አስቤ ነበር። ከዚያ ግን እስኪሞላልኝ ብጠብቅ የአማቴ ነፍስ ምን ያህል ትጠብቃለች አልኩና ጓሮ የነበሩትን ዱባዎች ሁሉ ቆርጬ ቀቀልኩ፤ በእፍኝ ገብስ ዱቄት አጠነከርኩት። ቄሶቹን ጠራሁ፤ ጎረቤቶችን ጠራሁ። ጸሎተ ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ ገበታው ሲቀርብ እጁን የዘረጋ የለም። አንዲት ሴት በጎን ላለችው፣ እሳቸው ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን ስትል ሰማኋት። ሽማግሌው ጎረቤታችን አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

የነፍስ አባቴ እጃቸውን ታጠቡ፤ ባረኩ፤ ፊት ቀድመው በሉ። ሌሎቹም ተከተሉ። ብዙዎቹ ከቤታቸው ምንም ሳይቀምሱ የመጡ ነበሩና ሐፍረቱ ቶሎ አለፈ። ልጄ ከቄሶቹ መካከል ገብታ ተቀመጠች፤ ማንም ተነሺ አላላትም። ገበታው ሲጸዳ የሰው ፊት ወደ እሳቱ፣ ወደ ድስቱ ይመለከት ጀመር። ያለውን ሁሉ ጠርጌ አቀረብኩላቸው።

እኔም በላሁ። በሐዘን ቤት፣ በእሳቸው ተዝካር ላይ ይህን ማለት ይከብደኛል፤ ግን ጣፋጭ ነበር። ብዙ ዘመን እንዲህ ያለ ጣፋጭ ዱባ አልበላሁም።